የምርምር ገንዘቡ ጸድቋል፤ ለበልግ ዘር ይደርሳል?

ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራንና ለሠራተኞች የፈቀዱትን የምርምር ገንዘብ ሲያሳውቁ ሁለት ቁጥሮች አይቀሩም፤ የጸደቁት ፕሮጀክቶች ብዛትና የተመደበው ብር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ወሎ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም የሚያሠሯቸው ጥናቶችም ባብዛኛው የሚመዘኑት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። የማይነገረው ሦስተኛው ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ተመራማሪው እጅ የገባበት ቀን። ወሎ ውስጥ ለሚካሄድ የእርሻ፣ የውኃ ወይም የጤና ጥናት የገንዘቡን ጥቅም የሚወስነው ግን ይህ ቀን ነው። 50 ሺህ ብር በጥር መጨረሻ ከደረሰ የበልግ ሙከራ ያዘራል። 200 ሺህ ብር በሚያዝያ ቢደርስ የበልጉ ዘር አልፎታል።

ችግሩ የበጀቱና የዝናቡ ወራት አለመገጣጠማቸው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመካከሉ የፕሮፖዛል ጥሪ ይወጣል፤ ትምህርት ክፍሉ ያያል፤ የኮሌጁ የምርምር አስተባባሪ ለገምጋሚዎች ይልካል፤ ተመራማሪው መድረክ ላይ ቀርቦ ሐሳቡን ያስረዳል፤ አስተያየቱ ይታረማል፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ውል ይፈረማል፤ የክፍያ ጥያቄው ወደ ፋይናንስ ይሄዳል። እያንዳንዱ እርከን ሁለት ሳምንት ብቻ ቢፈጅ ስምንቱ አንድ ላይ 16 ሳምንት ነው። መስከረም 15 የወጣ ጥሪ ምንም ሳይስተጓጎል ቢሄድ እንኳ ጥር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይደርሳል። አንድ ገምጋሚ ወረቀቱን ለአንድ ወር ካቆየው የካቲት ገባ ማለት ነው።

በደላንታ፣ በመቄት፣ በለጋምቦና በደሴ ዙሪያ ደጋ የበልግ ገብስ የሚዘራው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ዝናቡ እንደጣለ ነው። ዘሩን መግዛት፣ ማሳ መከራየት፣ ከገበሬው ጋር መስማማት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ማሠልጠን ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ለዚህ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። ገንዘቡ የካቲት 20 ቢለቀቅ ተመራማሪው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ዘግይቶ ዘርቶ የማይረባ ውጤት ማምጣት፣ ወይም ሥራውን ወደ መኸር ማዛወር። ብዙዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። እዚያ ደግሞ ሌላ ገደል ይጠብቃቸዋል።

የመኸር ሰብል በሁለት የበጀት ዓመቶች ድንበር ላይ የሚያድግ ሰብል ነው። በቆቦ ቆላ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ ነው፤ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላና ጤፉ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራሉ። አጨዳው ኅዳር አካባቢ ነው። መሬቱ በሚዘጋጅበት በሰኔ ፋይናንስ ሒሳብ እየዘጋ ስለሆነ አዲስ ክፍያ ማግኘት ጭንቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአዲሱ ዓመት በጀት ገና ወደየክፍሉ አልተከፋፈለም። አረም በሚታረምበት፣ በሽታ በሚመዘገብበት፣ የናሙና መሰብሰቢያው ውሎ አበል በሚያስፈልግበት ወቅት ለሁለት ወር ያህል ገንዘብ የለም። ሥራ ላይ ያልዋለ የመንግሥት በጀት ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ነው። ሰኔና ሰኞ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው፤ ተመራማሪው ገንዘቡ እንዳይመለስበት ሲል በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ላፕቶፕ፣ ወረቀትና ቀለም ይገዛል፣ የሁለት ቀን ሥልጠናም ያዘጋጃል። ሒሳቡ ይዘጋል፣ ማሳው ጾሙን ያድራል።

ይህን የሚያቃልል መንገድ አለ፤ አዲስ ሕግም አይጠይቅም። አንደኛው የጥሪውን ጊዜ ማዛወር ነው። ጥሪው በግንቦት ወጥቶ ግምገማው በክረምቱ ካለቀ፣ ሐምሌ 1 በጀቱ ሲከፈት የሚቀረው ውልና ክፍያ ብቻ ይሆናል፤ በመስከረም የተለቀቀ ብር ለበልጉ አራት ወር ሙሉ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው፣ የመኸር ሙከራ ውል ሲፈረም ከመጀመሪያውኑ የሁለት ዓመት ተደርጎ እንዲፈረም ነው፤ ዘርና ማዳበሪያው እስከ ግንቦት 30 ተገዝቶ ገቢ ይሆናል፣ የነሐሴና የኅዳር ሥራ ደግሞ የአዲሱ ዓመት በጀት ሲዘጋጅ «ቀጣይ ፕሮጀክት» ተብሎ አስቀድሞ ይያዛል። ይህ መስመር በወቅቱ ካልገባ በኋላ የሚጨምረው ሰው አይገኝም። ስለዚህ ዋና ተመራማሪው ለራሱ ሲል የኮሌጁን የዕቅድ ባለሙያ ቀድሞ ማነጋገር አለበት።

ማሽላን እንደሚያቀጭጨው የአቀንጭራ አረም ላለ ጉዳይ የአንድ ዓመት ውል ጨርሶ አይበቃም። የአረሙ ፍሬ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በአንድ መኸር ቀንሶ የታየ አቀንጭራ በዝናቡ ሁኔታ ይሁን በሙከራው የቀነሰ መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ለአንድ ዓመት ተፈቅዶ ሲገኝ ከገምጋሚዎቹ መካከል የእርሻ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ማነቆ ማወራረድ፣ ማለትም የተወሰደውን ገንዘብ አወጣጥ በሰነድ ማስረዳት ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይከፈላል፣ የመጀመሪያው ሳይወራረድ ቀጣዩ አይለቀቅም። መርሁ ትክክል ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። ችግሩ ሥርዓቱ የተሠራው ከተማ ውስጥ ካለ ሱቅ ለሚገዛ ሰው መሆኑ ነው። ወገል ጤና አጠገብ ሁለት ኩንታል የገብስ ዘር የሸጠ ገበሬ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የለውም። ጭነቱን ወደ ማሳው ያደረሰው የበቅሎ ባለቤትም የለውም። እንዲህ ያለው ወጪ የሚወራረደው አስቀድሞ ከታሰበበት ብቻ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሰዎች የፈረሙበት የግዥ ቃለ ጉባኤ፣ የሻጩ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ ያለበት የክፍያ ዝርዝር፣ የቀበሌው ማረጋገጫ ከነማኅተሙ። እነዚህ በዚያው ቀን ካልተያዙ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከመውጣት በፊትም ፋይናንስ እነዚህን ሰነዶች እንደሚቀበል በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በቃል «ችግር የለውም» የተባለው ነገር ባለሙያው ሲቀየር አብሮት ይሄዳልና።

ሰነድ ውድቅ የሚሆንባቸው ምክንያቶች ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። ደረሰኙ በዩኒቨርሲቲው ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ሳይሆን በተመራማሪው ስም ይቆረጣል። ቀኑ ቅድሚያ ክፍያው ከተወሰደበት ቀን ይቀድማል። ከክፍያው ላይ ተቀንሶ መያዝ የነበረበት ግብር ሳይያዝ ይቀራል፤ ሻጩ ሙሉውን ወስዶ ስለሄደ ልዩነቱ ከተመራማሪው ኪስ ይወጣል። የውሎ አበል ቅጹ ላይ የደረሱበት ቀን አለ፣ የተመለሱበት ግን የለም። የነዳጁ ሊትር ከመኪናው የጉዞ መዝገብ ኪሎ ሜትር ጋር አይገጥምም። አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ሙሉውን ዙር ያስቆማል፣ ከተባባሪ ተመራማሪዎቹ ጋርም ያቀያይማል። በየኮሌጁ የምርምር ሒሳብ ብቻ የሚከታተል አንድ ሠራተኛ ቢመደብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት ግማሽ ቀን የሚያስረዳ፣ በየሁለት ሳምንቱም የተሰበሰበውን ደረሰኝ የሚያይ ቢሆን፣ ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ ከሚጨመር ማንኛውም ብር ይልቅ ሥራውን ያፋጥናል ብለን እናምናለን።

በጤና ጥናቶች ላይ ደግሞ በጀቱ ከውል በፊት የሚሰበርበት ቦታ አለ፤ የናሙናው መጠን። የተለመደው ስሌት 50 በመቶ ስርጭት፣ 95 በመቶ መተማመኛና 5 በመቶ ስሕተት ወስዶ 384 ያወጣል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን ስምንት ቤት ቢያዳርስ 53 የሰው ቀን ነው፤ ስድስት ሰብሳቢዎች በዘጠኝ ቀን ይጨርሱታል። በጀቱ በዚህ ተሠርቶ ይገባል። ከዚያ ገምጋሚው፣ ትክክለኛ በሆነ ምክንያት፣ ቀበሌዎቹ በዕጣ ተመርጠው ቤቶቹ ከውስጣቸው ስለተወሰዱ ናሙናው በሁለት ይባዛ ይላል። 768 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 845 ደረሰ፤ 106 የሰው ቀን፣ ለስድስት ሰብሳቢዎች 18 ቀን። የመኪናው ቀን፣ የሱፐርቫይዘሩ አበል፣ ነዳጁ ሁሉ እጥፍ ሆነ። የጸደቀው ብር ግን የቀድሞው ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው መረጃ ሰብሳቢው ይሆናል፤ በቀን ስምንት የነበረው 16 ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠየቁት ቤቶች መልስ ሁሉ ተመሳሳይ ይሆናል። መረጃው በስልክ መተግበሪያ ከተሰበሰበ የየቃለ መጠይቁን መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት ማየት ይቻላል፤ 40 ደቂቃ ሊፈጅ የሚገባው መጠይቅ በ9 ደቂቃ ካለቀ ነገሩ ግልጽ ነው። ገምጋሚ ናሙናውን ሲጨምር በጀቱም እዚያው ላይ እንዲከለስ፣ ካልተቻለም የወረዳዎቹ ቁጥር እንዲቀነስ የግምገማ ቅጹ ራሱ ሊያስገድድ ይገባል።

የላቦራቶሪ ሥራ ላይ ያለው ጫና የባሰ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ወልድያም ከዚህ አላመለጠችም። መልሶ ለማሟላት የሚገዛው ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወር ሳይሞላው 100 ብርን አለፈ። የ2,000 ዶላር መሣሪያ ከ114,000 ብር ወደ 200,000 ብርና ከዚያ በላይ ሄደ፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሲደመርበት 230,000 ብር። ከዚያ ቀን በፊት የጸደቁ የብር በጀቶች በወረቀት ላይ አልተነኩም፤ የመግዛት አቅማቸው ግን በግማሽ ወረደ። ዛሬ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው የውጭ ዕቃዎቹን ዋጋ በዶላር አስቦ፣ የምንዛሪውን ቀን ጽፎ፣ ለለውጥ የሚሆን መጠባበቂያ ቢይዝ ገምጋሚው ሊያመሰግነው እንጂ ሊቆርጥበት አይገባም።

የዕቃ ዝርዝሩ አጻጻፍም ገንዘብ ይበላል። «ፒኤች ሜትር (የአሲድነት መለኪያ)፣ 1» ተብሎ ከተጠየቀ የጨረታው አሸናፊ ልክ ያንኑ ያመጣል። መለኪያውን የሚያስተካክሉት የፒኤች 4፣ 7 እና 10 መፍትሔዎች የሉም፤ ኤሌክትሮዱ እንዳይደርቅ የሚቀመጥበት ፈሳሽ የለም፤ መለዋወጫ ኤሌክትሮድም የለም። በስድስት ወር ውስጥ ኤሌክትሮዱ ደርቆ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በኮምቦልቻ ከፋብሪካዎቹ ፍሳሽ የሚገባባቸውን የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ክሮሚየምና እርሳስ ሊለካ ያቀደ ተመራማሪም እንዲሁ ነው፤ የብረቶችን መጠን የሚለካው የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ስላለ ብቻ ሥራው አይሠራም። በዚህ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ብረት የራሱ መብራት፣ ከዚያም የአሴቲሊን ጋዝና የመለኪያ ስታንዳርድ ያስፈልጋል። መብራቱ በዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ናሙናው በጠርሙስ እንደተቀመጠ ዓመቱ ያልቃል።

መሣሪያ በሌለበት ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ መላክ የተለመደ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለብረት የሚለካ ውኃ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ከወረደ ስድስት ወር ይቆያል፤ ለእሱ ርቀቱ ችግር አይደለም። የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት (ተሕዋሲያን በውኃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲያበሰብሱ የሚጠቀሙት ኦክስጅን) የሚለካበት ናሙና ግን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ተይዞም በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚወሰደው ውኃ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው ያለው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሳይታሰብ ሲዘጋ እነዚህ ናሙናዎች ከነበረዶ ሳጥናቸው ይበላሻሉ። ስለዚህ በፕሮፖዛሉ ላይ የትኛው ልኬት በቦታው፣ የትኛው በአቅራቢያ፣ የትኛው በሩቅ እንደሚሠራ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

አቅራቢያው ባዶ አይደለም። የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አላት፤ ሰሜን ወሎ ላይ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለረጅም ዘመን በማሽላና በሌሎች የቆላ ሰብሎች ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ መሣሪያ በየፊናቸው ለመግዛት ከሚሻሙ ከእነዚህ ተቋማት ጋር የናሙና ዋጋና የመረከቢያ ጊዜ የያዘ የጋራ ስምምነት ቢፈርሙ ይሻላል። ስምምነቱ ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት መኖር አለበት፤ ገንዘቡ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ ሁለት ወር ይበላል።

እዚህ ላይ ስለ ላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች መናገር ይገባል። ናሙናውን የሚያዘጋጁት፣ መሣሪያውን የሚያስተካክሉት፣ ቅዳሜና እሑድ ገብተው ኢንኩቤተሩን የሚያዩት እነሱ ናቸው። በብዙ ውሎች ላይ ግን ስማቸው የለም፤ ስለዚህ ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ለሚሠሩት የሚከፈል መስመር የለም፣ ኅትመቱ ላይም አይታዩም። ውሉ ላይ ቴክኒሻኑ በስሙ፣ በሥራ ቀኑና በክፍያው ሊገባ ይገባል። ይህ ፍትሕ ነው፤ የመረጃውን ጥራት የሚጠብቀውም እሱ ነው።

የውጭው ገንዘብ ጉዳይ ከ2017 ወዲህ መልኩን ቀይሯል። ጥር 12፣ 2017 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ በአሜሪካው የልማት ድርጅት በዩኤስኤአይዲ የሚደገፉ ብዙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ቆሙ፤ ድርጅቱም ሰኔ 24፣ 2017 ሥራውን አበቃ። ሚያዝያ 23፣ 2017 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሸነፈውን የምርምር ገንዘብ ቆርሶ ለውጭ አጋር የሚያስተላልፍበትን መንገድ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ዘጋ። ይህ መንገድ እንደ ወሎ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ዋነኛው በር ነበር፤ በስማቸው ተወዳድረው ሳይሆን የሌላ ፕሮጀክት ክንፍ ሆነው የሚገቡበት። የሀገር ውስጡም ቢሆን የተትረፈረፈ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ለምርምር ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶ እንዲያወጡ ሲጠይቅ፣ የኢትዮጵያ ድርሻ በአውሮፓውያኑ 2017 0.27 በመቶ ነበር። መንግሥት የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሎ ከለያቸው 8 ተቋማት ውስጥም የወሎዎቹ የሉበትም።

ስለዚህ በራስ ስም መወዳደር ግድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ምዝገባው ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ያለቀ መሆን አለበት። ለአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ፣ ሳም በሚባለው የመንግሥቱ የድረ ገጽ መዝገብ ሲመዘገቡ የሚገኘው ልዩ የተቋም መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው ስምና አድራሻ ከማስረጃ ሰነዶቹ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ ምዝገባው ሊመለስ ይችላል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። የአውሮፓ ኅብረቱ የምርምር ፕሮግራም ሆራይዘን የራሱ የተሳታፊ መለያ ኮድ አለው፤ ኢትዮጵያ በቀጥታ ገንዘብ ማግኘት ከሚችሉት አገሮች ናት። በሆራይዘን ለተቋሙ አስተዳደራዊ ወጪ ከቀጥታው ወጪ 25 በመቶ ይታሰባል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለውጭ ተቋም የሚሰጠው ግን 8 በመቶ ነው። 100,000 ዩሮ ቀጥታ ወጪ ያለው ሥራ 25,000 ዩሮ ለዩኒቨርሲቲው ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለየትኛው ክፍል ስንት እንደሚደርስ የጽሑፍ መመሪያ ከሌለ በጠቅላላ ሒሳብ ውስጥ ይሰምጣል፤ ለመብራትና ለጄኔሬተር፣ ለተበላሸ መሣሪያ ጥገና ሊውል የሚችለው ግን ይኸው ነው። ዘር ወይም የአፈር ረቂቅ ተሕዋሲያን ወደ ውጭ አጋር ለመላክ ያሰበም በአዋጅ 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ይህን ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚያስታውስ ሰው ፕሮጀክቱን በወራት ያዘገየዋል።

የኅትመት ክፍያን በተመለከተ ብዙ በጀት በከንቱ ይያዛል። ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል ሥርዓት ኢትዮጵያ የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስላለች፣ በርካታ ታላላቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ (ማንም ያለ ክፍያ በሚያነባቸው) መጽሔቶቻቸው ላይ ደራሲው የሚከፍለውን ይተዋሉ። ሁኔታው ሁለት ነው፤ ጥያቄው ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ መቅረብ አለበት፣ ብዙ ጊዜም ከአሳታሚው ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ መሆን አለበት። በውጭ አገር ለትምህርት የሄደ ባልደረባ በዚያ ቦታ ከገባ ከክፍያ ነጻ የመሆኑ ዕድል ሊቀር ይችላል። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ለዚህ ተብሎ በውሉ ላይ የተያዘው ብር ከመጀመሪያው ወደ ናሙና ምርመራ ቢዞር፣ የለዮሌን ወንዝ በሁለት ቦታ ብቻ ከመለካት በአራት ወይም በአምስት ቦታ ለመለካት ያስችላል።